የጡረታ መዋጮ ወደ ግል ገበያ ሲሻገር፤ ቢከስር የማን ነው?

አንድ የግል ድርጅት ሠራተኛ በየወሩ ከደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ያዋጣል፤ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሠራተኛ 700 ብር ከራሱ፣ 1,100 ብር ከአሠሪው፣ በድምሩ 1,800 ብር በስሙ ወደ ጡረታ ፈንድ ይገባል። ይህ ገንዘብ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለሚከፈል አበል የሚጠራቀም ነው። እስከዚያው የት ይቀመጣል? በምን ላይ ይውላል? ማንስ ይወስንበታል? ጥያቄዎቹ የፋይናንስ ባለሙያዎች ብቻ ተደርገው ሲታዩ ቆይተዋል፤ ነገር ግን በቀጥታ የሚመለከቱት በየወሩ የሚቆረጥበትን ሰው ነው።

በቅርብ ዓመታት በብዙ አገሮች የጡረታ ፈንዶች ከገንዘባቸው የተወሰነውን ከመንግሥት ሰነድና ከአክሲዮን ገበያ አውጥተው “የግል ገበያ” ወደሚባለው እንዲያሻግሩ ግፊት እየበረታ መጥቷል። በእኛም አገር የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣና የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የጡረታ ገንዘብ ከግምጃ ቤት ሰነድ ሌላ ምን ላይ ሊውል ይችላል የሚለው ውይይት እየሰፋ ነው። ይህ ጽሑፍ የሌሎች አገሮችን ልምድ በማየት ለአዋጪው ይጠቅማል የምንለውን አንድ ነጥብ ያብራራል። እርሱም፣ ስለ ትርፉ መጠን ከመጠየቅ በፊት ኪሳራ ቢመጣ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ መጠየቅ እንደሚቀድም ነው።

የግል ገበያ ሲባል

አጠራሩ ለአማርኛ አንባቢ ግር ሊል ይችላል። ከመንግሥት ልማት ድርጅቶች ውጭ ያለውን የግል ዘርፍ ለማመልከት የተነገረ አይደለም። የሚያመለክተው በአክሲዮን ገበያ ተመዝግበው በየዕለቱ የማይሸጡና የማይገዙ ሀብቶችን ነው። ለሕዝብ ገበያ ያልቀረበ ኩባንያ አክሲዮን፣ ለድርጅቶች በቀጥታ የሚሰጥ ብድር፣ የክፍያ መንገድ፣ የኃይል ማመንጫ፣ የውኃ አቅርቦት ድርጅት፣ የሚከራይ ሕንፃ ሁሉ በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። ሁለት የጋራ ጠባዮች አሏቸው። በተፈለገ ጊዜ ቶሎ ሸጦ ጥሬ ገንዘብ ማድረግ አይቻልም፤ ዋጋቸውንም በየዕለቱ የሚናገር ገበያ የለም።

በዚህ ትርጉም ከሄድን በንጉሡ ዘመን የነበረው የአክሲዮን ግብይት ከአብዮቱ ጋር ከተቋረጠ በኋላ ኢትዮጵያ ለአምሳ ዓመት ያህል የነበራት የግል ገበያ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። የባንክ ወይም የኢንሹራንስ ኩባንያ አክሲዮን የገዛ ሰው ገንዘቡ ሲያስፈልገው ገዢ ራሱ ወይም በሰው በሰው ይፈልጋል፤ በስምምነት ዋጋ ይሸጣል፤ ዝውውሩንም በኩባንያው መዝገብ ያስመዘግባል። ገዢ እስኪገኝ ሳምንታትና ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። የተሸጠበት ዋጋ ከፍ ያለ ይሁን ዝቅ ያለ ለማነጻጸር የሚያስችል የታወቀ የዕለት ዋጋም አልነበረም። አዲሱ ገበያ ሲከፈት በቀዳሚነት የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው፤ ሆኖም አብዛኞቹ የአገራችን አክሲዮን ማኅበራት ገና ከገበያው ውጭ ናቸው። ስለዚህ የጡረታ ፈንድ በኢትዮጵያ ኩባንያዎች ላይ ገንዘብ ያውል ከተባለ፣ በአብዛኛው የሚባለው በግል ገበያ ላይ ያውል ነው።

የመጀመሪያውን ጠባይ ለመረዳት እድርን ማሰብ ይበቃል። አንድ እድር ለብዙ ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ ባንክ ከማስቀመጥ ይልቅ የሚከራይ ቤት ሠራበት እንበል። ኪራዩ ከባንክ ወለድ ይበልጣል፤ የቤቱም ዋጋ በየዓመቱ ይጨምራል። አባላቱ ደስ ይላቸዋል። ይሁንና በአንድ ወር ውስጥ ሦስት አባላት ቢያርፉ ለቀብር ማስፈጸሚያ ከቤቱ ግድግዳ ላይ ብር ቆርሶ መስጠት አይቻልም። ቤቱ ይሸጥ ቢባል በችኮላ የሚሸጥ ነገር ዋጋው ይወርዳል። እድሩ ከሰረ አይባልም፤ ሀብት አለው። የጎደለው ሀብቱን ግዴታው በደረሰበት ቀን ገንዘብ ማድረግ መቻል ነው። ልባም የእድር ዳኛ ቤቱን ከመሥራት አይከለክልም፤ ከመሠራቱ በፊት ግን በካዝና ምን ያህል እንደሚቀር ይጠይቃል።

ዝም ብሎ የሚበላ ኪሳራ

የጡረታ ገንዘብን ወደ ግል ገበያ ማሻገርን የሚቃወሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት መከራከሪያ የሠራተኛው ገንዘብ ለአደጋ አይጋለጥ የሚል ነው። መከራከሪያው ቅን ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ያያል። የግምጃ ቤት ሰነድ የተባለውን ብር በተባለው ቀን ይመልሳል። ብሩ ያን ቀን ምን እንደሚገዛ ግን ዋስትና አይሰጥም።

ለዓመታት የጡረታ ፈንዶቻችን ገንዘብ በአብዛኛው የዋለው በግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ሽያጩ ወለድ በገበያ ወደሚወሰንበት ጨረታ ከመሸጋገሩ በፊት ሰነዱ ይከፍለው የነበረው ዓመታዊ ወለድ ከ2 በመቶ በታች ነበር። የዋጋ ንረቱ በአብዛኞቹ በእነዚያ ዓመታት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከ30 በመቶ አለፈ። ወለዱ ከማሻሻያው በኋላ ከፍ ቢልም ስሌቱ ምን እንደሚመስል በምሳሌ እንመልከት። አንድ መቶ ብር በዓመት 9 በመቶ ወለድ ቢያስገኝ በዓመቱ መጨረሻ 109 ብር ይሆናል። በዚያው ዓመት ዋጋ በ30 በመቶ ቢንር፣ 109 ብሩ የሚገዛው በዓመቱ መጀመሪያ 84 ብር ገደማ ይገዛው የነበረውን ብቻ ነው። በሒሳብ መዝገብ ላይ ትርፍ ተመዝግቧል፤ በገበያ ግን ከስድስት እጅ አንዱ ጠፍቷል። ማንም ሰው ደረሰኝ አልተቀበለበትም፤ የትኛውም ጋዜጣ ኪሳራ ብሎ አልዘገበውም።

የመንግሥት ሰነድ ፈጽሞ አደጋ የለበትም የሚለውም ሁልጊዜ አይሠራም። ጋና እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የአገር ውስጥ ዕዳዋን ለማሸጋሸግ ስትነሣ የሠራተኞች የጡረታ ፈንዶች የያዟቸው ቦንዶችም በዕቅዱ ተካትተው ነበር። ከዕቅዱ የወጡት የሠራተኛ ማኅበራት የሥራ ማቆም አድማ እንደሚጠሩ ካስታወቁ በኋላ ነው። ስለዚህ ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ተበዳሪ እጅ ማስቀመጥ፣ ተበዳሪው መንግሥት ቢሆን እንኳ፣ የራሱ የሆነ አደጋ አለው። ምርጫው በአደጋና በደኅንነት መካከል አይደለም። በተለያዩ አደጋዎች መካከል ነው።

ሁለት ዓይነት ጡረታ፣ ሁለት ዓይነት ትከሻ

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ የጡረታ ሥርዓት ከብዙ አገሮች የሚለይበትን ነጥብ ማስተዋል ያስፈልጋል። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሥርዓት ሠራተኛው በስሙ የተለየ የቁጠባ ሒሳብ የለውም። በመጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 715/2003 የተቋቋመውና በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 የተሻሻለው ሥርዓት አበሉን የሚወስነው በቀመር ነው። ለ10 ዓመት አገልግሎት የአማካይ ደመወዙ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ፣ ጣሪያው 70 በመቶ። ለ30 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 55 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። ፈንዱ በአንድ ዓመት ቢያተርፍ ወይም ቢከስር ቀመሩ አይለወጥም።

ታዲያ ፈንዱ ቢከስር ማንም አይጎዳም? ይጎዳል፤ ጉዳቱ ግን በሌላ መንገድ ዞሮ ነው የሚመጣው። ፈንዱ ግዴታውን መሸከም ሲያቅተው ያሉት መንገዶች ጥቂት ናቸው። የመዋጮው መጠን ይጨምራል፤ ያን ጊዜ የሚከፍለው ዛሬ ሥራ ያልጀመረ ወጣት ነው። የጡረታ መውጫ ዕድሜ ከ60 ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ የሚከፍለው ሊያርፍ የተቃረበው ሠራተኛ ነው። ወይም ከመንግሥት በጀት ይሸፈናል፤ ያን ጊዜ ግብር ከፋይ ሁሉ ይከፍላል። ከሁሉ ይልቅ የተለመደውና ጎልቶ የማይታየው ደግሞ በጡረታ ላይ ላሉ ሰዎች የሚደረገው የአበል ማስተካከያ መዘግየቱ ወይም ማነሱ ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ተመሥርቶ የተተመነ አበል ኑሮ እየተወደደ ሲሄድ ማስተካከያ ካልተደረገለት በየዓመቱ ይሟሟል። ማስተካከያ ለማድረግ ደግሞ ፈንዱ አቅም ሊኖረው ይገባል፤ አቅሙ የሚመጣውም ከመዋጮና ገንዘቡ ከዋለበት ሥራ ከሚገኝ ገቢ ነው። በጡረታ ላይ ያሉ እናቶችና አባቶች የፈንዱን ኢንቨስትመንት ጉዳይ “የባንክ ሰዎች ነገር” ብለው ሊያልፉት የማይገባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

የፕሮቪደንት ፈንድ አባላት ሁኔታ ከዚህ ይለያል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ከመውጣቱ በፊት የፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው ሠራተኞች በዚያው የመቀጠል ምርጫ ተሰጥቷቸው ነበር። በዚህ ዓይነቱ ዕቅድ ሠራተኛው የሚያገኘው የተጠራቀመለትን ገንዘብና ትርፉን ስለሆነ፣ ገንዘቡ የዋለበት ሥራ ቢከስር ኪሳራው ወዲያውኑ የእርሱ ነው። መካከለኛ የለም። የምትዋጣው ገንዘብ በየትኛው ሥርዓት ውስጥ እንዳለች የማያውቅ ሠራተኛ ስለ ግል ገበያ የሚሰማው ዜና የሚመለከተው ይሁን አይሁን መለየት አይችልም።

የእንግሊዝ ጉዳይ

በዚህ ረገድ በጉልህ የሚጠቀሰው የዩናይትድ ኪንግደም ልምድ ነው። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አሠሪዎች 22 ዓመት የሞላቸውንና በዓመት ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሚከፈላቸውን ሠራተኞች፣ ሠራተኛው ሳይጠይቅ፣ በሥራ ቦታ የጡረታ ዕቅድ የማስመዝገብ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። ዝቅተኛው መዋጮ ከ2019 ጀምሮ በሕግ ከተወሰነው የደመወዝ ክፍል 8 በመቶ ሲሆን ቢያንስ 3 በመቶውን አሠሪው ይከፍላል። በለንደንና በሌሎች ከተሞች ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንም በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ናቸው። ከእኛ ሥርዓት የሚለይበት ዋና ነገር የገንዘቡ መጠን የሚወሰነው በቀመር ሳይሆን በተዋጣውና በተገኘው ትርፍ መሆኑ ነው። አብዛኞቹ አባላት ገንዘባቸው በምን ላይ እንዲውል ምርጫ አያደርጉም፤ አሠሪው በመረጠው ዕቅድ መደበኛ ፈንድ ውስጥ ይቆያሉ።

በሐምሌ 2023 የገንዘብ ሚኒስትር በነበሩት ጄረሚ ሃንት ጊዜ፣ ትላልቅ የጡረታ አስተዳዳሪዎች እስከ 2030 ድረስ የመደበኛ ፈንዶቻቸውን 5 በመቶ ገበያ ላይ ባልተመዘገቡ ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ ለማዋል በፈቃዳቸው ቃል ገቡ። በግንቦት 2025 በተተኪዋ በሬቸል ሪቭስ ጊዜ 17 አስተዳዳሪዎች ቃሉን አሰፉት፤ እስከ 2030 ድረስ 10 በመቶ በግል ገበያ፣ ከዚህም ቢያንስ ግማሹ በራሷ በዩናይትድ ኪንግደም ውስጥ እንዲሆን ተስማሙ። ከአንድ ወር በኋላ ለፓርላማ የቀረበው የጡረታ ዕቅዶች ረቂቅ ሕግ ደግሞ በፈቃድ የተገባው ቃል ካልተፈጸመ መንግሥት ሊያስገድድ የሚችልበትን መጠባበቂያ ሥልጣን ይዞ መጣ። ክርክሩ የተጋጋለው እዚህ ላይ ነው።

መንግሥት ያቀረበው ምክንያት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ለቆጣቢው ነው፤ ወጣት ሠራተኛ ገንዘቡን ለአርባ ዓመት ስለማይነካው ቶሎ የማይሸጥ ነገር ቢይዝ አይጎዳም፤ በትዕግሥቱ ምክንያት የተሻለ ትርፍ ሊያገኝ ይችላል። ሁለተኛው ለአገር ነው፤ ገንዘቡ መሠረተ ልማት ይሠራበታል፤ አዳዲስ ኩባንያዎች ያድጉበታል። ሁለቱም ምክንያቶች ብቻቸውን ሲታዩ ትክክል ናቸው። ችግሩ አንድ ላይ ሲቀርቡ ነው። ለአገር የሚጠቅመው ሥራ ሁሉ ለቆጣቢው አትራፊ አይደለም፤ ሁለቱ በተጋጩ ጊዜ ማን እንደሚቀድም በሕግ ካልተጻፈ የሚቀድመው ድምፁ የሚሰማው ወገን ይሆናል። ከደመወዙ የተቆረጠበት ሠራተኛ በስብሰባው ላይ ብዙ ጊዜ ወንበር የለውም።

የዚያው አገር የውኃ ጉዳይ ትምህርት ይሰጣል። ለንደንንና አካባቢዋን ውኃ የሚያቀርበው ቴምዝ ዋተር በመጀመሪያ እይታ ለጡረታ ፈንድ የተሠራ ሀብት ይመስላል፤ ተፎካካሪ የለውም፤ ውኃ የማይፈልግ ደንበኛም የለም። የካናዳው የኦንታሪዮ ማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ጡረታ ፈንድ ከኩባንያው ሲሶ ያህሉን፣ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ሠራተኞች ጡረታ ዕቅድ አምስት አንድ ያህሉን ይዘው ነበር። ኩባንያው በዕዳ ሲጠመድ በመጋቢት 2024 ባለድርሻዎቹ ሊያስገቡ አስበውት የነበረውን 500 ሚሊዮን ፓውንድ ከለከሉ፤ የካናዳው ፈንድም በዚያው ዓመት የድርሻውን ዋጋ ወደ ዜሮ አወረደ። ሆኖም የኦንታሪዮ ጡረተኞች አበል አልተቋረጠም። ፈንዱ በቀመር የሚከፍል፣ ገንዘቡም በብዙ ቦታ የተበተነ ስለነበር ኪሳራው ሰፊ ትከሻ አገኘ። ይኸው ድርሻ በአንድ ሠራተኛ የግል ሒሳብ ውስጥ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

በሰኔ 2019 የታገደው የኒል ውድፎርድ ፈንድ ደግሞ ሌላውን ገጽታ ያሳያል። ፈንዱ በየቀኑ ገንዘብ ማውጣት እንደሚቻል ለቆጣቢዎች ቃል ገብቶ ሳለ ከገንዘቡ ከፊሉን ቶሎ በማይሸጡ፣ በገበያ ባልተመዘገቡ ኩባንያዎች ላይ አውሎ ነበር። የኬንት አውራጃ ምክር ቤት የጡረታ ፈንድ ያስቀመጠውን 260 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለማውጣት ሲጠይቅ በሩ ተዘጋ፤ ቀድሞ ያልወጣው ቆጣቢ ሁሉ በውስጥ ቀረ። የእድሩ ቤት ታሪክ በሌላ መልኩ ማለት ነው።

ጣሪያና ወለል

ወደ አህጉራችን ስንመለስ ሕጎች የሚለያዩት በአንድ ነገር ነው። አንዳንዶቹ ጣሪያ ያስቀምጣሉ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ የጡረታ ፈንዶች ባልተመዘገቡ ኩባንያዎች ላይ የሚያውሉት ከ15 በመቶ እንዳያልፍ፣ በመሠረተ ልማት ላይ የሚውለው በድምሩ ከ45 በመቶ እንዳይበልጥ ወስናለች። ኬንያ ለዚህ ዓይነቱ የኩባንያ ድርሻ የሰጠችው ጣሪያ 10 በመቶ ነው። ናሚቢያ ግን ወለልም አስቀምጣለች፤ ፈንዶች ቢያንስ 1.75 በመቶ፣ ቢበዛ 3.5 በመቶ ባልተመዘገቡ የአገር ውስጥ ሥራዎች ላይ እንዲያውሉ ታስገድዳለች።

የናሚቢያ ነገር ልብ ይነካል። ይህን ግዴታ ከመደንገጓ በፊት የመንግሥት ተቋማት ጡረታ ፈንዷ ለልማት በሚል በቀጥታ ለተለያዩ ኩባንያዎች ያበደረውና ድርሻ የገዛበት ገንዘብ በአብዛኛው ጠፍቶ ነበር፤ ኪሳራው ከ600 ሚሊዮን የናሚቢያ ዶላር በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። አገሪቱ ከዚህ በኋላ ነገሩን እርግፍ አድርጋ አልተወችም። መጠኑን አሳነሰች፤ ገንዘቡም በቀጥታ ሳይሆን ፈቃድ ባላቸው አስተዳዳሪዎች በኩል እንዲያልፍ አደረገች።

በእኛ አስተያየት ጣሪያ አስፈላጊ ነው፤ ወለል ግን አጠራጣሪ ነው። ጣሪያ አስተዳዳሪውን ከስግብግብነት ይጠብቀዋል። ወለል ግን ጥሩ ሥራ ባልተገኘበት ዓመት እንኳ መጥፎውን ግዛ ይለዋል፤ ሻጩም ገዢው መግዛት ግዴታው መሆኑን ስለሚያውቅ ዋጋ ይጨምርበታል። ገበያ ሄዶ “ዛሬ ሳልገዛ አልመለስም” ብሎ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ምን እንደሚገጥመው ለማንም የተሰወረ አይደለም።

የኢትዮጵያ አዋጅ የፈንዱ ገንዘብ ከግምጃ ቤት ሰነድ ሌላ አስተማማኝና ትርፋማ በሆኑ ሥራዎች ላይ እንዲውል በር ይከፍታል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ፈንድ ገና ወጣት ነው፤ ከተቋቋመ ሁለት አሥርት ዓመት አልሞላውም፤ ብዙዎቹ አባላቱም በሥራ ላይ ናቸው። ስለዚህ የሚገባው መዋጮ ከሚወጣው አበል ይበልጣል፤ ረጅም ጊዜ መታገሥ የሚችል ገንዘብ አለው ማለት ነው። ትዕግሥቱ ግን ማንም የሚያዝበት ነፃ ገንዘብ አያደርገውም። በሚገባ ከተያዘ፣ ለዋጋ ንረት የተጋለጠውን ክፍል ቀስ በቀስ ማሳነስ ከጥቅሙ ውጭ አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ ሌላ ገዢ ያጣ ሥራ ወደ ጡረታ ፈንድ እንዲገፋ ከተደረገ፣ በግምጃ ቤት ሰነድ ቢቀመጥ ይሻለው ነበር የሚያሰኝ ኪሳራ ይመጣል።

ሁለት ነገሮች በተለይ ክትትል ይፈልጋሉ። አንደኛው ክፍያ ነው። የግል ገበያ አስተዳዳሪዎች ከመደበኛ ፈንድ አስተዳዳሪዎች እጅግ የበለጠ ያስከፍላሉ። እንግሊዝ በመደበኛ የጡረታ ፈንዶች ላይ የአስተዳደር ክፍያ በዓመት ከ0.75 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ስትጥል፣ በዓለም የግል ገበያ ግን በዓመት 2 በመቶና ከትርፉ ደግሞ 20 በመቶ መጠየቅ ለረጅም ጊዜ የተለመደ ነበር። ጥቂት የምትመስል ልዩነት በጊዜ ብዛት ትገዝፋለች። 100 ብር በዓመት 5 በመቶ ቢያድግ በ40 ዓመት 704 ብር ይሆናል፤ አንዷ በመቶ በክፍያ ብትሄድ 480 ብር ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው የዋጋ ትመና ነው። በገበያ የማይሸጥ ሀብት ዋጋው ስንት ነው የሚለውን የሚናገረው ገማች ነው፤ ገማቹን የሚቀጥረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሀብቱን የሚያስተዳድረው ራሱ ነው። ስለዚህ በሪፖርት ላይ የግል ገበያ ሀብት ዋጋው ሳይዋዥቅ ቀጥ ብሎ ሲያድግ ይታያል። ይህ መረጋጋት ከሀብቱ ጥንካሬ የመጣ ላይሆን ይችላል፤ ባለመለካቱ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ቤት ያልሄደ ሰው የደም ግፊቱ የተስተካከለ ይመስለዋል። ነፃ ገማችና በየዓመቱ ለአዋጪዎች የሚታተም ዝርዝር ሪፖርት በዚህ ዓይነቱ ኢንቨስትመንት ቅንጦት አይደሉም።

አዋጪው ዛሬ ሊያደርግ የሚችለው

የኢንቨስትመንት ውሳኔ በአንድ ሠራተኛ እጅ አይደለም። መዋጮው በትክክል መግባቱን ማረጋገጥ ግን በእጁ ነው፤ ፈንዱ የቱንም ያህል ቢያተርፍ ገቢ ካልተደረገ መዋጮ የሚገኝ መብት ተከራክሮ የሚገኝ ብቻ ይሆናል።

ሠራተኛው የጡረታ መለያ ቁጥር የተሰጠው መሆኑን ከአሠሪው የሰው ኃይል ክፍል ይጠይቅ፤ ቁጥሩንም በራሱ ዘንድ ይያዝ። በደመወዝ መክፈያው ላይ 7 በመቶ መቆረጡ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም፤ የተቆረጠው ከአሠሪው 11 በመቶ ጋር በሕግ በተወሰነው ጊዜ ገቢ መደረጉን ማጣራት ያስፈልጋል። አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ በመሆኑ፣ ለመዋጮ የተመዘገበው ደመወዝ በቅጥር ውሉ ላይ ካለው ያነሰ ከሆነ በጡረታ ዘመን የሚገኘው አበል በዚያው ልክ ይቀንሳል። ልዩነት ያገኘ ሠራተኛ የቅጥር ውሉን፣ የደመወዝ መክፈያ ሰነዶቹንና መታወቂያውን ይዞ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ማመልከት ይችላል። የስም ፊደል አጻጻፍና የትውልድ ዘመን ስሕተት ትንሽ ቢመስልም አበል በሚጠየቅበት ጊዜ ከፍተኛ መጉላላት ከሚያስከትሉት አንዱ ስለሆነ ገና በሥራ ላይ ሳሉ ማስተካከል ይመረጣል።

ሥራ የሚቀይር ሠራተኛ ከቀድሞ አሠሪው የአገልግሎት ዘመኑንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ የሥራ ልምድ ደብዳቤ መውሰዱን አይርሳ። ለጡረታ አበል የሚያስፈልገው ዝቅተኛ አገልግሎት 10 ዓመት ሲሆን በተለያዩ ድርጅቶች የተሰጠ አገልግሎት በአንድነት የሚቆጠረው በማስረጃ ነው።

በፕሮቪደንት ፈንድ ያሉ ሠራተኞች ግን አንድ እርምጃ መጨመር አለባቸው። ገንዘባቸው በየትኛው ባንክ ወይም በምን ዓይነት ሰነድ ላይ እንደተቀመጠ፣ ባለፈው ዓመት ምን ያህል ትርፍ እንዳስገኘ፣ ከአሠሪው የሥራ ማስኬጃ ሒሳብ የተለየ መሆን አለመሆኑን፣ ከፊሉ በአክሲዮን ላይ ውሎ ከሆነም ዋጋውን ማን እንደተመነው በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው ፈንዱን የሚያስተዳድረውን ኮሚቴ መጠየቅ ይኖርባቸዋል። መልሱ ቀንና ማኅተም ያለበት ቢሆን ይመረጣል።